ያደረች ፀሐይ

አባቴ ጡረታ በወጣ በወሩ
እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ጠበበው መንደሩ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጋላፊ ተመላልሶ፣
ጋቢና ውስጥ አድሮ፣ ጃኬት ተንተርሶ፣
አልጋ ላይ ሲያስተኙት ይነሳል መልሶ።
«ምን ሆንክ?» ስትለው እናቴ ዘይነባ፣
«ቤቱ አይንቀሳቀስም» አለ ሆዱ እየባባ።

ከአራጋው ብየዳ ቤት፣ ከበርበሬ ወንዝ ዳር፣
የውኃ ተሳቢ ገዛ፣ ከነዝገቱ፣ በብድር።
ወርዱ አንድ ከሠላሳ፣ ርዝመቱ ሁለት ካምሳ፤
ሰፈሩ ጠየቀ፦ «ምን ሊጭን ነው? ሬሳ?»
አባቴ አልመለሰም። ቱቦላሬ ቆርጦ፣
ላሜራ አልብሶ፣ ውስጡን በችፑድ ለብጦ፣
ከእናቴ ሶፋ ላይ ስፖንጁን መዥርጦ
(ሦስት ቀን ያለ ጨው ወጥ በላ ደንግጦ)
በር አበጀላት፣ መስኮት አበጀላት፣
ሰው ጎንበስ ብሎ እንጂ ቀጥ ብሎ የማይገባባት።

ኤሌክትሪኩ ለኔ። የቴክኒክና ሙያ
ምሩቅ ነኝ፣ ሥራ ያጣሁ፤ ይኸው መሞከሪያ።
በሲሚንቶ ከረጢት ጻፍኩለት ሒሳቡን፦
አንድ አምፖል፣ ፋን፣ ሬዲዮ፣ የስልክ መሙያውን፤
መቶ ሃምሳ ዋት ሶላር፣ መቶ አምፔር ባትሪ።
«ፍሪጅስ?» «አይችልም።» «አንቺ ምኑን ተማሪ!»

ቸኩዬ ቀዩን ሽቦ ከጥቁሩ ገጥሜ
ኮንትሮለሩ ጨሰ። ቀረሁ ተሸክሜ
የሦስት ሺህ ብር ጥፋት።
አባቴ ጠጋ አለና አሸተተ በጥሞና፦
«አብሽሪ፣ ሐረጎን ስንወርድ የፍሬን ሽታው ይኸው ነው፤
ምንም ያላቃጠለ ሰው፣ ገና ያልተነሳ ነው።»

ከዚያ ክረምት ገባ። የደሴ ጉም ወረደ፣
የሶላሩ መስታወት እንደ ላም አፍንጫ ረጠበ፣ በረደ።
ሐምሌን ሙሉ ቁጥሩ ከአሥራ አንድ ፈቀቅ ሳይል
እናቴ በመስኮት እያየችን፣
«ዘንድሮ ፀሐይም ጡረታ ወጥታለች» ትል።

መስከረም ሲጠባ
የእንድሪስን ፒካፕ ተውሰን አሰርነው።
«እስከ የት ነው?» ሲሉን፣ «እስከ ሐይቅ ብቻ ነው።»
እናቴ ሦስት ጊዜ ከመኪና ወርዳ፦
አንዴ ለዶሮዎቹ፣ አንዴ ለቁልፍ፣
አንዴ ለምን እንደሆነ ለራሷም ሳይገባት፣
ከበሩ ደፍ ቆማ ግቢውን አየችው።
በሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ
ለሷ የደረሳት ጥሩምባው ነው፦
አንዴ ሲመጣ፣ ሁለቴ ሲሄድ።

ሐረጎ ጥምዝ ላይ ጎጆዋ ተንጓጓች፣
አንዲት ድስት ከኋላ ተንከባለለች፤
አባቴ በመስታወት ኋላውን ሰርቆ አይቶ
«ጎበዝ፣ የኔ ተሳቢ!» አለ፣ ላሙን እንደሚጠራ፣ ድምፁን አለስልሶ።
ደሴን አለፍን። እናቴ አንድ ቃል አልተነፈሰች፤
በሁለት እጇ ግን ወንበሩን ጨብጣ ነበር የደረሰች።

ሐይቅ ዳር መሸብን። ማብሪያውን ስጫነው
አምፖሉ በራ። በቃ። ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ ነው።
እናቴ ሽቦውን በጣቷ ተከትላ
ከአልጋው ሥር ባትሪውን አገኘች በመላ።
«መብራት ኃይል አለበት?» «የለም።» «ታዲያ ከወዴት?»
«ቀን የጠጣችውን ነው፤ ይኸው ያስቀመጠላት።»
«እህ፣ ያደረች ፀሐይ በሉኛ!» አለች፤ «እንደ ወጥ ያደረች፤
ይሁን፣ ያደረ ነገር ይጣፍጣል» አለች።

እኔ ፒካፑ ውስጥ እግሬን አጣጥፌ
ልተኛ ስል ሰማሁ፣ መስኮቱን ተደግፌ፦
«አጥፋው እንጂ ይመር፣ ለነገም ይትረፋት።»
«ነገም ትወጣለች።»
«ትውጣ። አንተ አጥፋት።»
ጨለመ። ቆይታ፣
«እንዲህ ባለ ጠባብ ነበር የምታድረው?»
«ከዚህም ይጠባል።»
«ታዲያ እንዴት ቻልከው?»

መልሱን አልሰማሁም። ከሸምበቆው መሐል
አንድ ወፍ ተንኳትቶ መልሶ ዝም ብሏል።
ብቻ ትንሽ ቆይቶ ችፑዱ ተንቋቋ፣
አንድ ሰው ጠጋ ሲል እንደሚንቋቋው፤
ቀጥሎ የመጣው የአባቴ ማንኮራፋት ነው።